ናዚሮችና ዑምዳዎች፦ ካርቱም የምትሾማቸው፣ ካርቱምን የሚፈትኗት የሱዳን ባህላዊ መሪዎች

እአአ ሰኔ 2019 ካርቱም ከባድ ሐዘን ላይ ነበረች። በጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት የዘለቀው የተቃዋሚዎች ሰፈር በኃይል ከተበተነ ጥቂት ቀናት ብቻ አልፈዋል። ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የሐኪሞች ኮሚቴ አስታውቋል፤ ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ የአፍሪካ ኅብረትም ሱዳንን ከአባልነት አግዷል።

በዚያው ሰሞን በከተማዋ ሌላ ዓይነት ጉባኤ ይካሄድ ነበር። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ጥምጥም የጠመጠሙና ከዘራ የያዙ የጎሳ መሪዎች ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች መጥተው ከጄነራሎቹ ጋር ተቀመጡ። የወታደራዊው ምክር ቤት ምክትል ሰብሳቢ መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ፣ በቅጽል ስማቸው ሄሜቲ፣ ድጋፋቸውን ጠየቁ። የተሰበሰቡት መሪዎችም ምክር ቤቱ መንግሥት እንዲመሠርት ውክልና መስጠታቸውን አሳወቁ።

ኦማር አል በሽርን ከሥልጣን ያስወገዱት ወጣቶች ግን ይህን ውክልና አልተቀበሉትም። እነሱ የተደራጁት በየሰፈራቸው እንጂ በየጎሳቸው አልነበረም። በሁለቱ ወገኖች መካከል የቆመው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ በሱዳን ስለ ሕዝብ የመናገር መብት ያለው ማን ነው?

ጥያቄው በ2019 የተወለደ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ካርቱምን የያዘ ገዢ ሁሉ፣ ቅኝ ገዢም ሆነ ጄነራል፣ ምርጫ ያሸነፈም ሆነ መፈንቅለ መንግሥት ያካሄደ፣ ከጎሳ መሪዎቹ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንደሚኖረው መወሰን ነበረበት። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ አገሪቱን እያፈረሰ ባለው ጦርነት ደግሞ ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

‘ኢዳራ አህሊያ’ ምንድን ነው?

ሱዳናውያን የባህላዊ መሪዎቹን ሥርዓት ‘ኢዳራ አህሊያ’ ይሉታል፤ የአገሬው ሰው አስተዳደር እንደማለት ነው። በብዙ የሰሜን ሱዳን አካባቢዎች መዋቅሩ ሦስት እርከን አለው። ከታች የአንድ መንደር ወይም የአንድ ዘላን ሰፈር ኃላፊ የሆነው ሼኽ ይገኛል። ከእሱ በላይ በርካታ ሼኾችን የሚመራው ዑምዳ አለ። ከሁሉም በላይ የጎሳው ቁንጮ ናዚር ነው። በኢትዮጵያ የቀድሞ ሥርዓት ጭቃ ሹምና ባላባት ይባል የነበረውን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ስሞቹ ግን በሁሉም ቦታ አንድ አይደሉም። በዳርፉር ሱልጣን፣ ሸርታይ፣ ዲማንጋዊና ፊርሻ የሚባሉ ማዕረጎች አሉ። በኑባ ተራሮችና በብሉ ናይል አካባቢ መሪው መክ ይባላል። የሥልጣኑ ምንጭ የዘር ሐረግ ነው፤ በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ ወይም ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፋል። ሆኖም አንድ ናዚር ሥልጣኑ እንዲጸና የመንግሥት እውቅና ያስፈልገዋል። የሱዳን ባህላዊ አስተዳደር ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ምንጮች፣ በዘርና በመንግሥት ፊርማ፣ መካከል ያለው ፍጥጫ ታሪክ ነው።

የመሪዎቹ የዕለት ሥራ ሦስት ነገሮችን ይነካል። አንደኛው መሬት ነው። ጎሳው የእኔ የሚለው ግዛት ‘ዳር’ ይባላል፤ ማን የት እንደሚያርስ፣ ከብቶች በየት በኩል እንደሚያልፉና መጤው የት እንደሚሰፍር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው እርቅ ነው። በዳርፉርና በኮርዶፋን ‘ጁዲያ’ የሚባለው ሽምግልና ‘አጃዊድ’ በሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌዎች ይመራል። ሰው ሲገደል ገዳዩን ለፖሊስ ከማስረከብ ይልቅ የገዳዩ ወገን ‘ዲያ’ የተባለውን የደም ካሳ በጋራ አዋጥቶ ይከፍላል። ጉማንም ሆነ ደም ማድረቅን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ሦስተኛው ምስክርነት ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች አንድ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጠው የጎሳው መሪ ነው። የዜግነት ወረቀት ለማውጣትም ይህ ምስክርነት የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መሪ የሌለው ማኅበረሰብ መሬት ብቻ ሳይሆን ማንነቱን የሚመሰክርለት ሰውም ሊያጣ ይችላል።

ከሴናር ቆብ እስከ እንግሊዞች አዋጅ

መንግሥት የጎሳ መሪን ሲሾም እንግሊዞች የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ከ1504 እስከ 1821 ማዕከሉን ሴናር አድርጎ የገዛው የፈንጅ ሱልጣኔት ለአካባቢ ገዢዎች ሥልጣን ሲሰጥ ሁለት ቀንድ ያለው ቆብ ይደፋላቸው ነበር። የዳርፉር ሱልጣኖች ደግሞ ‘ሐኩራ’ የተባለውን የርስት መሬት በማኅተም በተረጋገጠ ሰነድ ያድሉ ነበር። በ1880ዎቹ የመጣው የማህዲስቶች መንግሥት ያልታዘዙትን ታላላቅ የጎሳ መሪዎች ገደለ፤ ብዙ ጎሳዎችንም ወደ ኦምዱርማን እንዲሰደዱ አስገደደ።

በ1898 ካርቱምን የያዙት እንግሊዞች በስም ከግብፅ ጋር በጋራ፣ በተግባር ግን ብቻቸውን ገዙ። በ1922 የወጣው አዋጅ ለዘላን ጎሳ ሼኾች የዳኝነት ሥልጣን ሰጠ። ይሁን እንጂ ፖሊሲው እውነተኛ ጉልበት ያገኘው በ1924 በካርቱም ከተነሳው አመፅ በኋላ ነው።

የዚያ ዓመት እንቅስቃሴ መሪ መኮንኑ አሊ አብዱል ለጢፍ ነበር። አባቱ ከኑባ፣ እናቱ ከዲንካ የተወለዱ ናቸው። እሱና የነጭ ሰንደቅ ማኅበር ጓዶቹ ስለ ጎሳ ሳይሆን ስለ ሱዳናዊ ሕዝብ ተናገሩ። በኅዳር 1924 የእንግሊዙ ጠቅላይ ገዢ ሊ ስታክ ካይሮ ውስጥ ተገደሉ፤ በካርቱምም የሱዳናውያን ወታደሮች አመፅ ፈንድቶ በደም ታፈነ።

ቅኝ ገዢዎቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነበር፦ የተማረውና ከጎሳው የተነጠለው የከተማ ሰው አደገኛ ነው፤ የጎሳ መሪው ግን ታማኝና ርካሽ ነው። በካርቱም የነበረው የጦር ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ1926 ጠቅላይ ገዢ የሆኑት ጆን ማፊ በሰሜን ናይጄሪያ የተሞከረውን በአገሬው ሹም በኩል የመግዛት ዘዴ አስፋፉ። በ1927 የሼኾቹ ሥልጣን ከዘላኖች አልፎ ለሰፋሪ ገበሬዎችም ተዳረሰ። በ1931 በደቡብ፣ በ1932 ደግሞ በሰሜን የባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጆች ወጡ።

በዚህ ሂደት ብዙ ነገር እንደ አዲስ ተፈጠረ። ትናንሽ ጎሳዎች በአንድ ትልቅ ናዚር ሥር ተጠቃለሉ፤ ቀድሞ ተለዋዋጭ የነበረው የግጦሽና የእርሻ ወሰን ካርታ ላይ ሰፈረ። ዛሬ ‘ጥንታዊ’ ተብሎ የሚቀርበው ሥልጣን ከፊሉ የካርቱም ቢሮ ሥራ ነው። ይህ ማለት ግን ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የገጠሩ ሕዝብ ለአሥርተ ዓመታት ፍርድ ያገኘው፣ ከብቱን ያስመለሰውና ከጠላቱ የታረቀው በእነዚህ ሰዎች በኩል ነበር።

ናዚሩና የምርጫ ሳጥኑ

ነፃነት ሲቃረብ የባህላዊ መሪዎቹ ቦታ በድምፅ ተፈተነ። በ1951 የጎሳ መሪዎችን ያሰባሰበ ‘ሶሻሊስት ሪፐብሊካን’ የተባለ ፓርቲ ተመሠረተ። በ1953ቱ የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫ ከ97 መቀመጫዎች ያገኘው ሦስት ብቻ ነበር። አብዛኛውን ድምፅ የወሰዱት የታላላቆቹን የእስልምና ወንድማማችነት ተከታዮችና የከተማ ልሂቃንን ያሰባሰቡት ፓርቲዎች ነበሩ።

ሽንፈቱ ግን የመሪዎቹን ጉልበት አልነካም። ራሳቸው ፓርቲ ሆነው ባያሸንፉም፣ በየገጠሩ ድምፅ የሚያሰባስበው ማን እንደሆነ ፓርቲዎቹ ያውቁ ነበር። ከ1956ቱ ነፃነት በኋላም ናዚሮች ከአንዱ ወይም ከሌላው ፓርቲ ጋር ተሳስረው ቆዩ።

በጥቅምት 1964 የካርቱም ተማሪዎችና ሠራተኞች የጄነራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ መንግሥት ሲጥሉ፣ ባህላዊ አስተዳደር እንዲሻር የሚጠይቀው ድምፅ ከግራ ክንፍ ፓርቲዎችና ከሠራተኛ ማኅበራት በኩል ጎላ። ሥርዓቱ ቅኝ ገዢዎች የተዉት ቅሪት ነው፤ ዜጋን ተገዢ ያደርጋል የሚል ነበር ክርክራቸው። የሽግግር መንግሥቱ ግን ዕድሜው አጭር ስለነበር ሐሳቡ ሳይፈጸም ቀረ።

የፈጸሙት በግንቦት 1969 ሥልጣን የያዙት ጃፋር ኒሜሪ ናቸው። በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበ መሬትን ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1971 የወጣው የሕዝብ አካባቢያዊ መንግሥት ሕግ ደግሞ የናዚሮቹን ቦታ ለሕዝብ ምክር ቤቶች ሰጠ። ደርግ ከአራት ዓመት በኋላ መሬትን የሕዝብ አድርጎ ባላባትን ሽሮ ቀበሌን ሲያቆም የሄደበት መንገድ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ልዩነቱ ውጤቱ ላይ ነው። የሱዳን መንግሥት ናዚሩን ሻረ እንጂ በቦታው የሚተካ ፖሊስ፣ ዳኛና የመሬት መዝገብ ወደ ገጠር አላደረሰም። በ1984 እና በ1985 ድርቅ ሲመታና የሰሜን ዳርፉር ግመል አርቢዎች ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ የውኃና የግጦሽ ጠብን የሚያበርድ ሥልጣን ያለው አካል አልነበረም። ከ1987 እስከ 1989 በፉሮችና በዓረብ ጎሳዎች መካከል የተካሄደው ጦርነት ቆይቶ ለመጣው እልቂት መቅድም ሆነ።

ሹመት እንደ ጦር መሣሪያ

በሰኔ 1989 ሥልጣን የያዙት ኦማር አል በሽር ባህላዊ አስተዳደርን ወደ ሕይወት መለሱት። ይሁን እንጂ የመለሱት ለገዛ ፍላጎታቸው ነበር። ታማኝ ያልሆነ ናዚር ይነሳል፤ አንድ ጎሳ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀድሞ ያልነበረ ‘አሚር’ ይሾማል። የጎሳ መሪነት ለመንግሥት ታጣቂ ከመመልመል ጋር ተያያዘ።

በምዕራብ ዳርፉር የሆነው ይህን በጉልህ ያሳያል። በ1995 መንግሥት የማሳሊት ሱልጣኔትን ግዛት በበርካታ አሚሮች ሥር ከፋፍሎ ለዓረብ ጎሳዎችም አሚርነት ሰጠ። ለማሳሊቶቹ ይህ የማዕረግ ጉዳይ አልነበረም፤ አሚር ያለው መሬት አለው፣ መሬት ያለው ድምፅ አለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መንደሮች ተቃጠሉ፤ ብዙዎች ወደ ቻድ ተሰደዱ።

በ2003 የዳርፉር ጦርነት ሲጀመር ‘ሐኩራ’ ያልነበራቸው የሰሜን ግመል አርቢዎች ከመንግሥት ጋር ከወገኑት መካከል ነበሩ። የማሃሚድ ጎሳው ሼኽ ሙሳ ሒላል የጃንጃዊድ ሚሊሺያ ዋና መሪ ተብለው በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ተጣለባቸው። በ2008 ግን የካርቱም መንግሥት በፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር አማካሪ አድርጎ ሾማቸው። የጎሳ መሪ፣ የታጣቂ አዛዥና የመንግሥት ባለሥልጣን አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ማንም መናገር አይችልም።

የአሚርነት ጥያቄና የብሉ ናይል እልቂት

የአንድ ማዕረግ ዋጋ ስንት እንደሆነ በ2022 ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ ታየ። በብሉ ናይል ግዛት የሚኖሩት የሐውሳ ተወላጆች የራሳቸው አሚር እንዲኖራቸው ጠየቁ። የሐውሳዎቹ አያቶች ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ወደ መካ በሚወስደው የሐጅ መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። ለትውልዶች አርሰው፣ ወልደው፣ ግብር ከፍለው ኖረዋል፤ ‘ዳር’ ግን የላቸውም።

በርታን ጨምሮ የአካባቢው ነባር ነን የሚሉ ማኅበረሰቦች ጥያቄውን የመሬት ጥያቄ አድርገው አዩት። ሐውሳዎቹ ደግሞ እምቢታውን የዜግነት ክህደት አድርገው ተረዱት። በሐምሌ ወር በሮሴሪስና በአካባቢው በተቀሰቀሰው ግጭት ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ቁጣው ወደ ካሰላና ወደ ካርቱም ጎዳናዎች ተዛመተ። በጥቅምት ደግሞ በወድ አል ማሂ አካባቢ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ።

ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው ማለት ይቻላል። በዚህ ሥርዓት መሪ የሌለው ማኅበረሰብ ሙሉ ዜጋ መሆኑ ይጠረጠራል፤ አዲስ መሪ ሲሾም ደግሞ ነባሩ የሚያጣው ነገር አለ። ዜግነት በራሱ የመሬትና የውክልና መብት ቢሰጥ ኖሮ አሚርነት ይህን ያህል ደም ባላስከፈለ ነበር።

ወደቡን የዘጋው ናዚር

በሽግግሩ ዘመን የጎሳ መሪ ምን ያህል መንግሥትን ሊያንበረክክ እንደሚችል የታየው በምሥራቅ ሱዳን ነው። በ2020 የጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ መንግሥት የቤኒ አሚር ተወላጁን ሳሌህ አማርን የካሰላ ገዢ አድርጎ ሾመ። ሐደንደዋዎች ተቃወሙ፤ ግጭት ተነሳ፤ ሐምዶክ በጥቅምት ወር ገዢውን አነሱ። ውሳኔው በተራው የቤኒ አሚር ደጋፊዎችን አስቆጣ።

በዚያው ወር የተፈረመው የጁባ የሰላም ስምምነት ስለ ምሥራቁ የያዘው ክፍል ሌላ ቁጣ አስነሳ። የሐደንደዋው ናዚር መሐመድ አል አሚን ቲሪክ የሚመሩት የቤጃ ናዚሮች ከፍተኛ ምክር ቤት ‘የተደራደሩት እኛን አይወክሉም’ በሚል አቋም በመስከረም 2021 ፖርት ሱዳንንና ከካርቱም የሚያገናኘውን አውራ ጎዳና ዘጋ። ስንዴ፣ ነዳጅና መድኃኒት በመዲናዋ እጥረት ሆነ።

በጥቅምት 25 ጄነራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን የሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ። ብዙም ሳይቆይ ወደቡ ተከፈተ። የቤጃዎች ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ምሥራቁ ወደቡንና ወርቁን ይዞ ከአገሪቱ ድሃ አካባቢዎች አንዱ እንደሆነ ቀርቷል። ነገር ግን የመዘጋቱና የመከፈቱ ጊዜ የጦር መኮንኖቹን ጠቅሟል ብለው የሚከራከሩ የሲቪሉ ወገን ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው።

ሰፈር ወይስ ጎሳ?

ካርቱም ራሷ ለዚህ ሥርዓት የማትመች ከተማ ናት። በአንድ መንገድ ላይ ኑባው፣ ጃዕሊው፣ ፉሩ፣ ዲንካውና ቤጃው ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንዲያም ሆኖ ባህላዊ ሥልጣን ከተማዋን ጥሎ አልሄደም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከደቡብ ጦርነት ሸሽተው በማዮ፣ በጃበሮናና በሌሎች የከተማዋ ዳር ሰፈሮች የተጠለሉት ተፈናቃዮች የየራሳቸው ‘ሱልጣኖች’ ነበሯቸው። የጋብቻ፣ የጥሎሽና የካሳ ጉዳዮች በነሱ ፊት ይታዩ ነበር። ‘ጃበሮና’ የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ‘አስገደዱን’ ማለት ነው፤ መንግሥት ነዋሪዎቹን ከሌላ ቦታ አንስቶ በረሃ ላይ ስላሰፈራቸው የወጣ ስም ነው።

ከ2018 ወዲህ ግን በካርቱም ሌላ ዓይነት ውክልና አደገ። የተቃውሞ ኮሚቴዎች በየሰፈሩ ተቋቋሙ። አባልነቱ በዘር ሳይሆን በመኖሪያ ነው፤ ወጣቶችና ሴቶች ከፊት ይገኛሉ። ነሐሴ 2019 ኢትዮጵያና የአፍሪካ ኅብረት ባሸማገሉት ድርድር የተፈረመው ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ከሕግ አውጪው ምክር ቤት መቀመጫዎች ቢያንስ 40 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ምክር ቤቱ ሳይቋቋም መፈንቅለ መንግሥቱ ደረሰ።

ናዚርነትና ዑምዳነት በአንጻሩ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የወንዶች ቦታ ነው። የደም ካሳ ሲከፈል፣ መሬት ሲካለል፣ እርቅ ሲወርድ ሴቶች የሚነካቸው ጉዳይ ይወሰናል እንጂ ወሳኞቹ ውስጥ የሉም። የካርቱም ወጣቶች ከሥርዓቱ ጋር የሚጣሉበት ዋናው ምክንያት ይህና በመንግሥት የመሾም ታሪኩ ነው።

በጦርነቱ መካከል

በሚያዝያ 15፣ 2023 ጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም ውስጥ ሲታኮሱ፣ ሁለቱም ወዲያው ወደ ጎሳ መሪዎቹ ዞሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በደቡብ ዳርፉር የሚገኙ የሰባት ዓረብ ጎሳዎች መሪዎች ለፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ድጋፋቸውን አሳወቁ። በሠራዊቱ በኩልም ‘ሕዝባዊ ተቃውሞ’ በተባለው የማስታጠቅ ዘመቻ የባህላዊ መሪዎች ድምፅ ተፈልጓል።

በአል ጄኔይና የማሳሊቶች ሱልጣኔት መቀመጫ የደረሰው ከሁሉ ይከፋል። በሰኔ 2023 የምዕራብ ዳርፉር ገዢ ካሚስ አባከር ተገደሉ። የሱልጣኑ ወንድም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን በዚያ ዓመት በከተማዋ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ሰዎች መገደላቸውን ገምቷል። አንድን ማኅበረሰብ ለመበተን የፈለገ ኃይል አስታራቂዎቹንና የመሬት ታሪኩን የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ማጥፋት ምን ያህል እንደሚጠቅመው ያውቃል።

ያም ሆኖ አሮጌው ጥበብ ፈጽሞ አልጠፋም። ባለፉት ዓመታት መንገድ እንዲከፈት፣ እስረኛ እንዲለቀቅ ወይም ታጣቂ ከገበያ እንዲወጣ ሽማግሌዎች የተደራደሩባቸው አካባቢዎች አሉ። በካርቱም ደግሞ የሰፈር ወጣቶች ‘የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች’ በሚባሉ ማኅበሮች ተደራጅተው ምግብ አብስለው ሲያድሉ ቆይተዋል። ሁለቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ መንግሥት በሌለበት የመንግሥትን ሥራ ሠርተዋል።

ሌሎች አገራት ምን አደረጉ?

ባህላዊ ሥልጣንን ከሕገ መንግሥት ጋር ማስታረቅ የሱዳን ብቻ ፈተና አይደለም። የጋና የ1992 ሕገ መንግሥት ባህላዊ መሪነትን ያከብራል፤ ሆኖም መሪው በፓርቲ ፖለቲካ እንዳይሳተፍ ይከለክላል፤ ለፓርላማ መወዳደር የፈለገ መንበሩን መልቀቅ አለበት። ኡጋንዳም በ1995ቱ ሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ ገደብ አስቀምጣለች።

ደቡብ አፍሪካ በ1996ቱ ሕገ መንግሥት ባህላዊ መሪነትን እውቅና ስትሰጥ ባህላዊው ሕግ ለመሠረታዊ መብቶች ተገዢ እንዲሆን አድርጋለች። በ2008 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አንዲት ሴት የቫሎዪ ማኅበረሰብ መሪ እንድትሆን ማኅበረሰቡ የወሰደውን ውሳኔ አጽንቷል። ባህል ራሱን የማሻሻል መብት አለው የሚል ነበር የፍርዱ ፍሬ ነገር።

የኢትዮጵያ የ1995 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። በ2021 የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሟል። እዚህ ላይ ዋናው ቃል ‘ፈቃድ’ ነው፤ ሰው ወደ ሽማግሌው የሚሄደው ወዶ እንጂ ተገድዶ መሆን የለበትም።

ሱዳንም ለዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለችም። የ2005ቱ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ለደቡቡ ሕግ የሕዝቡን ወግና ልማድ ምንጭ አድርጎ ነበር። በ2009 በሄግ የተሰየመው የግልግል ችሎት የአቢዬን ወሰን ሲያበጅ የፈረደው በ1905 ወደ ኮርዶፋን ስለተዛወሩት ዘጠኝ የንጎክ ዲንካ ሹማምንት ግዛቶች ነበር። የዓለም አቀፍ ዳኞች ሳይቀሩ የአንድን አገር ድንበር ለማወቅ የጎሳ ሹማምንትን ታሪክ መመርመር ግድ ሆኖባቸዋል። ነገር ግን የአቢዬ ጥያቄ እስካሁን አልተፈታም፤ የንጎክ ዲንካ ታላቅ መሪ ኩዎል ዴንግ ኩዎልም በግንቦት 2013 ተገድለዋል።

ለሚመጣው ሕገ መንግሥት የቀሩ ጥያቄዎች

ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 የካርቱምን ቤተ መንግሥት መልሶ ያዘ፤ በግንቦት ደግሞ መላውን የካርቱም ግዛት መቆጣጠሩን አስታወቀ። በተመሳሳይ ዓመት ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉና አጋሮቹ በኒያላ ተፎካካሪ መንግሥት አቆሙ፤ በጥቅምት አል ፋሽርን ያዙ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ይዘዋል። ሁለቱም ከጎናቸው የሚቆሙ የጎሳ መሪዎች አሏቸው።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሚጻፈው ሕገ መንግሥት የኒሜሪን መንገድ ቢከተል ክፍተቱ ምን እንዳስከተለ ዳርፉር ምስክር ናት። የአል በሽርን መንገድ ቢከተልም ውጤቱን ያሳየችው ያችው ዳርፉር ናት። ስለዚህ ዋናው ክርክር ባህላዊ መሪዎች ይኑሩ ወይስ ይቅሩ የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ናዚሩን ማን ይሾመዋል፣ ማንስ ይሽረዋል? መሬት የጎሳ ነው፣ የመንግሥት ወይስ የአራሹ? አንድ የሐውሳ ገበሬ ያለ አሚር፣ አንዲት የኦምዱርማን ሴት ያለ ዑምዳ ምስክርነት ሙሉ ዜጋ መሆን ይችላሉ?

ወደ ፈራረሰችው መዲና እየተመለሱ ላሉት ነዋሪዎች እነዚህ ጥያቄዎች የምሁራን ክርክር አይደሉም። ብዙዎቹ ቤታቸው ተዘርፏል፤ የቤት ካርታቸውና የዜግነት ወረቀታቸው ጠፍቷል። ‘ይህ ሰው የእኛ ነው፣ ይህም ቤቱ ነው’ ብሎ የሚመሰክርላቸው ማን እንደሚሆን፣ የጎሳቸው ሼኽ፣ የሰፈራቸው ጎረቤት ወይስ የመንግሥት መዝገብ፣ ከወዲሁ የሚያሳስባቸው ጉዳይ ሆኗል።